በሬዬ ከሰረቀ

አማርኛ የአፍ መፍቻዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚቀጥለውን ስትሰሙ «ሰውዬው ለቋንቋው እንግዳ ነበር እንዴ?» እንዳትሉኝ ነው። እንግዳ አይደለሁም። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ፣ ከጨፋ ሮቢት የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር ተወልጄ፣ እዚያው አርሼ፣ እዚያው ሦስት ልጆች አሳድጌ፣ ጢሜም እዚያው የሸበተ ሰው ነኝ። አማርኛና ኦሮምኛ ቤታችን ውስጥ እንደ ሁለት ወንድማማች ነው ያደጉት። አንዱን ወሬ በአማርኛ እጀምርና በኦሮምኛ እጨርሰዋለሁ፤ ሰሚውም ቅር ብሎት አያውቅም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። በዚህም ምክንያት ለቀብርና ለሐዘን የምንረዳዳበት የሰፈራችን ማኅበር፣ ቅሬ የምንለው፣ ጸሐፊ አድርጎ መርጦኛል። ከተመረጥኩ ወዲህ ሚስቴ ሀሊማ «አንተ ሰውዬ፣ አንገትህን ቀና ማድረግ አበዛህ፤ እንቅፋት ይመታሃል» ትለኛለች።

እንቅፋቱ መታኝ። አንድ ፊደል ነበር።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ስትመረቅ እኔም ነጭ ጀለቢያዬን አሳጥቤ ሄድኩ። ልጄ ከአውቶቡስ ተቀብላኝ ታክሲ ውስጥ እንደገባን፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አባት፣ ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ።

«ተከሚሴ ነው የመጣሁት» አልኳት፤ ከሚሴ አውቶቡስ የተሳፈርኩባት ከተማችን ናት።

በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ተቤቱ ይወጣል፣ ተገበያ ይመለሳል፣ ውሃም ተወንዝ ይቀዳል። ማንም በዚህ ተጎድቶ አያውቅም። ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ጎረምሶች ግን «ተከሚሴ፣ ተከሚሴ» እየተባባሉ እስኪወርዱ ድረስ ሳቁ። ልጄ ጠጋ አለችና በጆሮዬ «አባዬ፣ እዚህ 'ተ' አይባልም። 'ከ' ነው የሚሉት። ከከሚሴ በል» አለችኝ።

ልጅቷ ለእኔ አዝና ነው የተናገረችው። እኔ ግን ለእሷ አፈርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ በምረቃዋ ቀን ጓደኞቿ ፊት ማሳቂያ የሆነ አባት ይዛ ልትቆም ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ አፌን ሳልከፍት ዋልኩ። የምረቃው ፎቶግራፍ ግድግዳችን ላይ አለ። ያየው ሰው ሁሉ «ምነው ተቆጥተሃል?» ይለኛል። አልተቆጣሁም፤ 'ተ' እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ገጥሜ ነው።

አገሬ ስገባ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሬዲዮ እየከፈትኩ የዜና አንባቢዎቹን አነጋገር አጠና ጀመር። ሕጉን ደግሞ በራሴ አወጣሁት፤ ምላሴ 'ተ' ሊል ሲነሳ ፈጥኜ 'ከ' ማለት ነው። ቀላል ሕግ ነው። ችግሩ 'ተ' አማርኛ ውስጥ ምን ያህል ርስት እንዳላት የነገረኝ አለመኖሩ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እኔም 'ተ'ን ባየሁበት ሁሉ እሸሽ ጀመር።

መጀመሪያ የተጎዳው ተራራ ነው። አንድ ጠዋት ደጅ ቆሜ ለሀሊማ «ያ ከራራ ላይ ደመና አለ፤ ዛሬ ይዘንባል» አልኳት። ሀሊማ ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ቤት ገባች። ቀጥሎ ተማሪ ከማሪ ሆነ። ከዚያ ተልባ ልገዛ ሱቅ ሄጄ ባለሱቁን «ከልባ አለህ?» ብለው፣ ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠና «ወላሂ ከልቤ ነው የማገለግልህ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። እኔም ሐሜት የነገረኝ ሰው ያለ ይመስል ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን እናቱ ሞቱበትና የቅሬው ጸሐፊ እንደመሆኔ የማጽናኛ ንግግር አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወንድማችን፣ በአላህ ላይ ያለህን ከስፋ አትቁረጥ» አልኩት። ሐዘንተኛው እንባውን ጠርጎ አጠገቡ ያለውን ሰው «የምን ከስፋ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው በጆሮዬ ሰማሁ። የተጠየቀው ሰውዬ ብልህ ነበር። «የዓረብኛ ቃል ይሆናል» አለው። ሁሉም አሚን አሉ።

ሀሊማ ግን አልተታለለችም። አዲስ አበባ አንድ ነገር አብልተው የላኩኝ መሰላት። ሸኹ ዘንድ ሄዳ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ አምጥታ አጠጣችኝ። ጠጣሁና ብርጭቆውን እየመለስኩ «ከባረኪ» አልኳት። ብርጭቆውን ይዛ ተቀምጣ አለቀሰች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በሬዬ ባይጠፋ።

በሬዬ ቦራ ይባላል። መልኩ ቀላ ያለ፣ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ የግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የተጣመመ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ከጎረቤቴ በሬ ጋር እያቀናጀሁ ነው የማርሰው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ለጤፍ መሬቱ እየተገለበጠ፣ አንድ ቀን ያለ በሬ መዋል አንድ ወር መራብ የሆነበት ጊዜ። የጎረቤት ከተማችን የሰንበቴ ገበያ ለት ፍየል ልገዛ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ ቦራ የታሰረበት ቦታ ላይ ግማሽ ገመድ ብቻ አገኘሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቦርከና ወንዝን ወደ ላይም ወደ ታችም ፈለግሁ። የለም። የተበጠሰውን ገመድ ሳየው በቢላዋ የተቆረጠ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሀሊማ «ተሰርቋል ማለት ነው። ሂድና ለመንግሥት ተናገር» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «አደራ፣ እንደ ሰው ተናገር» ብላ ጨመረች።

ከመንደር ወጥቼ ፖሊስ ጣቢያ እስክደርስ ድረስ መንገዱን ሙሉ ቃሌን ስለማመድ ሄድኩ። ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን ረጋ ያለ አነጋገር ያዝኩ። ጣቢያው ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሳጅን መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። መልኩ የአገራችን ሰው አይመስልም፤ ሰላምታውም የመሥሪያ ቤት ሰላምታ ነው።

«ምን ልርዳዎት አባት?»

«በሬዬ ከሰረቀ» አልኩት።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አንስቶ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ።

«እሺ። ከሰረቀ ምን?» አለኝ።

«ምንም። ከሰረቀ። እሱን ላመለክት ነው የመጣሁት።»

«በሬዎ ሰረቀ ነው የሚሉኝ?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኔ ስንት ለፍቼ 'ተ'ን ጥዬ 'ከ' ላይ ደርሻለሁ። ይህ ሰው ደግሞ 'ከ'ንም ጥሏታል። ለካ በጣም የተማሩት ጭራሹን ይተዉታል ብዬ ገረመኝ። ወደኋላ መቅረት አልፈለግሁም።

«አዎን» አልኩት፣ «ሰረቀ።»

«መቼ?»

«በሰንበቴ ገበያ ለት።»

«ከማን ላይ እንደሰረቀ ያውቃሉ?»

ማን እንደሰረቀው የጠየቀኝ መሰለኝ። «ሰውየውን አላውቀውም። እሱን እናንተ ታገኙልኛላችሁ ብዬ ነው» አልኩት።

ሳጅኑ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ መዝገቡን ወደኋላ ገለጠና አንድ ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «የበሬው ምልክት?»

«ዳማ ነው። ግንባሩ ነጭ አለው። የግራ ቀንዱ የከጣመመ ነው።»

ጣቱ መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ለዳማው፣ ለነጩ፣ ለቀንዱ። «በፈቃድዎ ነው የመጡት? ማንም አላስገደደዎትም?»

«ማን ያስገድደኛል? በሬው የእኔ ነው።»

ብድግ አለና በሁለት እጁ እጄን ጨበጠኝ። «አባት፣ እዚህ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በሬው የሰው አዝመራ ሲበላ 'የእኔ አይደለም' ብሎ የሚክድ እንጂ በእግሩ መጥቶ የሚያምን ሰው አላየሁም» አለ። አዝመራ የሚለው ቃል ጆሮዬ ገብቷል። ነገር ግን እጄ በመንግሥት እጅ ውስጥ ስለነበረ ልቤ አልተቀበለውም። ወረቀቱን አቀረበልኝ፤ ጸሐፊ ነኝና በሚያምር ፊርማ ፈረምኩበት። ከፈረምኩ በኋላ ያነብልኝ ጀመር።

«እኔ ተከሳሽ…»

«ይቅርታ ጌታዬ» አልኩት፣ እንዳያፍር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ከከሳሽ ነው የሚባለው።»

«አይ አባት። ከሳሽ ሌላ ሰው ናቸው። እርስዎ ተከሳሽ ነዎት።» ብሎ ማንበቡን ቀጠለ። «…በሬዬ የግለሰቧን የማሽላ ማሳ ጥሶ ገብቶ መስረቁን በፈቃዴ አምኜ…»

እጄን ወረቀቱ ላይ ጫንኩ። «ጌታዬ» አልኩ፣ «ከሳሳትኩ።»

ሳጅኑ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሳሳሁ ነው የሚሉት? ኧረ ደህና ነዎት አባት። ለዕድሜዎ ጠንካራ ነዎት።»

ሁለተኛ አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ዳማ። ነጭ ግንባር። የተጣመመ ቀንድ። «ቆይ ጌታዬ፣ በሬው አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ። ማሽላቸውን የበላባቸው እናት ቤት ታስሯል። ባለቤቱ እስኪገኝ ብለው ጠብቀውታል።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ተከሳሽ ሆኜ ጣቢያ ውስጥ ቆሜአለሁ፤ ደስታዬን የምይዝበት ግን አጣሁ። «አልሃምዱሊላህ» ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሳጅኑ ውሃ ቀዳልኝ። አጥፍቶ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው እሱም አይቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ሁለታችንም እንድንቀርብ ቀጠሮ ሰጠን። ቤት ስደርስ ለልጄ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማኝ። «አባዬ፣ እኔ መቼ ተማሪን ከማሪ በል አልኩህ? 'ተሰረቀ' እኮ ትክክል ነው። አዲስ አበባም ተሰረቀ ነው የሚባለው» አለችኝ። ከየት ወደየት መሄድን ሲያሳይ ብቻ እንደሚለወጥ አስረዳችኝ። «ደግሞ ለእኔ ብለህ ከሆነ፣ ያን ቀን ማውራትህን ነበር የፈለግሁት። ጓደኞቼ 'አባትሽ አኮረፉን' ብለው ነው የሄዱት» አለች።

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ ሌሊት ለእንዲህ ያለ ትምህርት አይበቃም። በማግሥቱ ጣቢያ ስደርስ የትኛዋ 'ተ' እንደምትቆይ የትኛዋ እንደምትሄድ ጠፋብኝ። ስለዚህ 'ተ'ንም 'ከ'ንም ላለመንካት ወሰንኩ።

ከሳሼ እትዬ ዘምዘም ይባላሉ። ከእኔ ከፍ የሚሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እጃቸው የሥራ እጅ የሆነ ሴት ናቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ፤ አፋቸውን እንደ እኔው ገጥመዋል። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ኦሮምኛ እንደልባቸው ነው። በአማርኛ ግን በአንድ ወቅት ገበያ ላይ አንድን ሹም «አንቺ» ብለውት ሰው ስቆባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ላለመሳሳት ሁሉንም ነገር ወንድ አድርገውታል።

ሳጅኑ መዝገቡን ዘረጋ። «የተከሰተውን ሁኔታ ከማጣራት አኳያ፣ በቅድሚያ ከሳሽ ያስረዱ።»

እትዬ ዘምዘም ተነሡ። «ላሜ ወልዶ አራስ ነው። እሱን ለማለብ ጠዋት ስወጣ በሬው ማሽላዬ ውስጥ ቆሟል» አሉ።

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ። «ማን ነው የወለደው?»

«ላሜ። ጥሩ ላም ነው።»

«በሬ ነው ላም?»

«ላም ነው። እሱ ወለደ። እሱ አልበላም። በሬው ነው የበላ።»

ሳጅኑ አንድ መስመር ሰርዞ ወደ እኔ ዞረ። «ተከሳሽስ?»

ተነሣሁ። በጥንቃቄ ጀመርኩ። «በሬ። የእኔ ነው። ማሽላ። የእሳቸው ነው። በላ። አዝናለሁ።» ተቀመጥኩ።

«ሌላ የሚጨምሩት የለም?»

«የለም። አለ። አዝናለሁ።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። ሲናገር የመሥሪያ ቤቱ ድምፅ ጠፍቶ ሌላ ድምፅ ወጣ። «እናንተ ሰዎች፣ ተየት ነው ይህን አነጋገር ያመጣችሁት? ተጠዋት ጀምሬ አንድ ገጽ መጻፍ አቃተኝ እኮ።»

ተየት። ተጠዋት። የደንብ ልብስ ከለበሰ ሰው አፍ።

«ጌታዬ፣ አገርዎ የት ነው?» አልኩት።

«ጎጃም።»

«እዚያ 'ተ' ይላሉ?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። «ቤታችን እንላለን። እዚህ አልለውም ነበር። ሥልጠና ላይ እያለን አንዱ አለቃችን ስቆብኝ፣ ተዚያ ወዲህ ይኸው እስካሁን ተጠንቅቄ ነው የማወራው።» ይህን ብሎ ራሱ ሳቀ። ከዚያ መዝገቡን ከደነው። «ስሙኝ። እኔ ዘወር ልበል። በምትግባቡበት ተነጋገሩና የጨረሳችሁትን ንገሩኝ።»

ሳጅኑ ዘወር እንዳለ እትዬ ዘምዘም ፊታቸው ተፈታ። «ቆቲዮ ኬቲ?» አሉኝ። የእርሻ በሬው ያንተ ነው ወይ ማለታቸው ነው። አዎን አልኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልቸገረንም። በሁለቱም ቋንቋ፣ እንደመጣልን፣ እንደ ድሮ ጎረቤት አወራን።

የነገሩኝ ግን ቀላል አልነበረም። ቦራ የማሽላቸውን እኩሌታ ከነአገዳው ጨርሶታል። የዓመት ቀለባቸው ነው። የራሳቸው በሬ አምና ሞቶ፣ ያንን መሬት ያሳረሱት ሰው እየለመኑ፣ ዘግይተው ነው። እንዲህም ሆኖ ለቦራ ሦስት ቀን ሙሉ ሣር እያጨዱ፣ ውሃ ከቦርከና እየተሸከሙ ሲያበሉትና ሲያጠጡት ነበር። «ለምን?» ብላቸው፣ «እንስሳ ምን ያውቃል ልጄ። ደግሞ የሆነ ቦታ የሚያለቅስለት ሰው አለ ብዬ ነው» አሉኝ።

እዚያች ላይ ዓይኔን ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ አዞርኩ። የሚያለቅስለት ሰው እውነትም ነበር።

ሳጅኑ ሲመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። ማሽላው የጠፋበትን መሬት እኔ በቦራና በጎረቤቴ በሬ አርሳለሁ፤ ዘሩንም እኔ አመጣለሁ። ማሽላ እንደገና ለመዝራት ጊዜው አልፏል፣ ማሾ ግን ይደርሳል፤ ማሾ ቶሎ የሚያፈራ እህል ነው። በሚቀጥለውም ዓመት ማሽላ ሲዘራ ቀድሜ የማርሰው የእሳቸውን ነው። «ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ?» አለ ሳጅኑ። እንዲጽፈው ቀስ ብለን ነገርነው። እሱም በአንድ ገጽ ጻፈው።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። በሁለተኛው ቀን ሀሊማም ምሳ ይዛ መጣችና ከእትዬ ዘምዘም ጋር ማሳው ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ። ስለ እኔ ነው። እትዬ ዘምዘም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እርፉን ጫን አድርጌ ያዝኩና እንዳልሰማ ሆንኩ። ልቤ ግን ቀሎኝ ነበር። ሀሊማ እንደዚያ ካወራች ወራት አልፏት ነበር።

ማሾውን ዘርተን ስንጨርስ ሳጅኑ ከመንገዱ በኩል ብቅ አለ። ዕረፍቱ ነው፤ የደንብ ልብስ አልለበሰም፣ ነጠላ ጫማ አድርጓል። መዝገቡን ለመዝጋት የሁለታችንን ፊርማ ፈልጎ ነው የመጣው። እኔ ፈረምኩ፣ እትዬ ዘምዘም በአውራ ጣታቸው አተሙ። ከዚያ ቁጭ በል አሉትና የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሰጡት። ሳጅኑ ተቀበለና፣ ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ፣ ተለማምዶት እንደመጣ ግልጽ ሆኖ «ገለቶሚ» አላቸው። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

እትዬ ዘምዘም ደስ አላቸው። «ጎሽ። ግን ገለቶሚ ለእኩያህ ነው። ለትልቅ ሰው በአክብሮት ገለቶማ ይባላል» አሉት።

ሳጅኑ ቀላ። «ገለቶማ» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንንም ላለመድፈር ቆረጠ። ሀሊማ ውሃ ስታቀብለው ገለቶማ። እኔ ድንጋዩን ጠረግ አድርጌ ቦታ ስለቅለት ገለቶማ። የእትዬ ዘምዘም የአምስት ዓመት የልጅ ልጅ ጨው ስታመጣለት፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ገለቶማ።

ሊሄድ ሲነሣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። ቦራ ከቀንበር ተፈትቶ ማሳው ዳር ቆሟል። ሳጅኑ አጠገቡ ሲደርስ ቆመ፤ ላብ ያረጠበውን ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ በጣም ተጠንቅቆ «ገለቶማ» አለው።

እትዬ ዘምዘም እኔን አዩኝ። እኔ ሀሊማን አየኋት። ማናችንም አላረምነውም።